ኢማክስና ልጅ ፍሬሞቹ፦ በፊደል ለሚጽፍ ሰው ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ኤዲተር ላይ አማርኛ እየጻፈ የቃል ማሟያ ዝርዝር የከፈተ ሰው ሳጥኑ ሲንጋደድ ሳያይ አይቀርም። ከጠቋሚው በታች ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው አንዱ መስመር ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ያፈገፍጋል፣ የቀኝ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2018 በወጣው ኢማክስ 26.1 ነው፤ ልጅ ፍሬምና ጠርዝ አልባ ፍሬም ወደ ኤዲተሩ የገቡት በዚያ እትም ነው። ይህ ግምገማ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ሁሉ እስከ 30.1 ድረስ ያያል። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ በፊደል የሚጽፍ ሰው ኢማክስን ያለ ልጅ ፍሬም ባይጠቀም ይሻለዋል። ይሁን እንጂ እንደ መጣ ትተውት በሰላም የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ጥቂት ማስተካከያ ይፈልጋል።

ቃላቱን እንለይ። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ መስኮት የሚለውን ኢማክስ ፍሬም ይለዋል፤ መስኮት የሚለው ደግሞ አንድ ፍሬም ሲከፈል የሚገኘውን ክፍል ነው። ልጅ ፍሬም በሌላ ፍሬም ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፍሬም ነው። ጠርዝ አልባ ፍሬም የርዕስ አሞሌ፣ የመዝጊያና የማሳነሻ ቁልፎች፣ የውጭ ክፈፍ የሌለው ነው። ሁለቱ አይተሳሰሩም፤ ዋናው ፍሬም ራሱ ጠርዝ አልባ ሊሆን ይችላል። ብቅ የሚል ሳጥን የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይጠቀማል።

ድሮ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ኦቨርሌይ ነው። ኢማክስ ከጠቋሚው በታች ያሉትን መስመሮች ለጊዜው በሌላ ጽሑፍ ይሸፍናቸዋል፤ ሳጥን የሚመስለው በባዶ ቦታና በቀለም የተሞላ ጽሑፍ ነው። ይህ የሚሠራው ፊደላቱ ሁሉ እኩል ስፋት ሲኖራቸው ነው። ለኮድ የሚመረጡት እንደ ዴጃቩ ሳንስ ሞኖ ያሉት ፎንቶች ግን የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው፣ ኢማክስ ፊደሉን ከሌላ ፎንት ይዋሳል፦ ሊኑክስ ላይ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ከአቢሲኒካ፣ ዊንዶውስ ላይ ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከከፋ። በእነዚህ ፎንቶች «ሠ» እና «ጠ» ሰፋፊ ናቸው፣ «ር» እና «ን» ጠባብ ናቸው። «መጠጥ» እና «ነገር» ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው፤ ኦቨርሌዩ እኩል አምድ ይቆጥርላቸዋል፣ ስክሪኑ ላይ ግን «መጠጥ» በግልጽ ይረዝማል። ልዩነቱ በእያንዳንዱ መስመር ስለሚለያይ ባዶ ቦታ በመጨመር የሚቃና አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ቱልቲፕ፣ ማለትም ብቅ የሚለው ትንሽ የማብራሪያ ሳጥን፣ ነበር። ቦታውን በፒክሰል ስለሚይዝ አይንጋደድም፤ ነገር ግን በቁልፍ ሰሌዳ የሚንቀሳቀስ ዝርዝር ሊሆን አይችልም፣ ኢማክሱ ጂቲኬ በተባለው የመስኮትና የቁልፍ መሥሪያ የተገነባ ከሆነም ቀለሙና የፊደል ዓይነቱ ይጠፋል።

ልጅ ፍሬም እውነተኛ ፍሬም ነው። የራሱ በፈር (ጽሑፉን የሚይዝ ቦታ)፣ ፎንትና ቀለም አለው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቦታው ከወላጁ የላይኛው ግራ ማዕዘን ተነሥቶ በፒክሰል ይለካል። ወላጁ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሄዳል፣ ሲደበቅ አብሮ ይደበቃል፣ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሊኑክስና ዊንዶውስ ላይ ከወላጁ ጠርዝ የወጣው ክፍል ይቆረጣል። ማክ ላይ ግን አይቆረጥም፤ ልጁ ከወላጁ ውጭ ወጥቶ ሊታይ ይችላል። ይህ ልዩነት ማክ ላይ የተጻፈ ፓኬጅ (የኢማክስ ተጨማሪ ፕሮግራም) ሌላ ማሽን ላይ ግማሽ ሳጥን የሚያሳይበት ዋነኛ ምክንያት ነው፤ ፓኬጅ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ እንደሚቆረጥ አስቦ ቢያሰላ ይሻላል።

አሁን አንዱን ከባዶ እንሥራ፤ የባህሪው ጥንካሬም ድክመትም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የመለኪያዎቹ ስሞች በኢሊስፕ (የኢማክስ የፕሮግራም ቋንቋ) መመሪያው የፍሬም መለኪያዎች ክፍል በላቲን ተጽፈው ይገኛሉ።

መጀመሪያ ዝርዝሩን የሚይዝ በፈር ይዘጋጃል። በበፈሩ ውስጥ ሞድ ላይኑ (ከመስኮቱ ግርጌ ያለው የመረጃ መስመር) ይጠፋል፣ ጠቋሚው እንዳይታይ ይደረጋል፣ ረጅም መስመር ተጠቅልሎ እንዳይወርድ የመቁረጥ ምርጫው ይበራል። ከዚያ «ሜክ ፍሬም» ይጠራል። «ፓረንት ፍሬም» የአሁኑ ፍሬም፣ «ሚኒበፈር» (ትእዛዝ የሚጻፍበት የታችኛው መስመር) ባዶ፣ «አንዴኮሬትድ» እውነት ይሆናሉ። የሜኑ፣ የመሣሪያና የታብ አሞሌዎች ቁጥር 0 ይሆናል፤ መንሸራተቻዎቹ ይጠፋሉ፣ የግራና የቀኝ ፍሪንጅ (ጠባቡ የጎን ሕዳግ) 0 ይደረጋል። «ኖ አዘር ፍሬም» ካልተሰጠ በፍሬሞች መካከል የሚዘዋወር ሰው በድንገት ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። «ዴስክቶፕ ዶንት ሴቭ» ካልተሰጠ ደግሞ ክፍት ሥራን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ሞድ ሳጥኑን አብሮ አስቀምጦ በማግስቱ ይከፍተዋል።

ብዙዎች የሚረሱት «ቪዚቢሊቲ» የሚባለውን ነው። ፍሬሙ ሲፈጠር ድብቅ መሆን አለበት። ከዚያ መጠኑ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ቦታው ይሰጠዋል፣ በመጨረሻ ይገለጣል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሳጥኑ መጀመሪያ ጥግ ላይ ብልጭ ብሎ ነው ወደ ቦታው የሚዘልለው። ዝርዝር በተከፈተ ቁጥር የሚታይ ብልጭታ ዓይን ያደክማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

መጠኑን የሚለካው «ዊንዶው ቴክስት ፒክሰል ሳይዝ» ነው፤ የጽሑፉን ስፋትና ከፍታ በፒክሰል ይመልሳል። ልኩ ለ«ሴት ፍሬም ሳይዝ» ይሰጣል፤ አራተኛው ግብዓት እውነት ካልሆነ ግን ቁጥሩ በፒክሰል ፈንታ በአምድና በመስመር ይቆጠራል። 300 ፒክሰል ብለው 300 አምድ ያገኛሉ። «ፍሬም ሪሳይዝ ፒክሰልዋይዝ» የሚባለው ተለዋዋጭም መብራት አለበት፤ ካልሆነ መጠኑ ወደ ቅርቡ ሙሉ አምድና መስመር ሊጠጋጋ ይችላል። ለላቲን ጽሑፍ ይህ ብዙም አይታወቅም። ለፊደል ግን የመጨረሻው ፊደል ግማሹ ተቆርጦ የሚታይበት ምክንያት ነው።

ቦታው ከ«ፖዝን አት ፖይንት» ይገኛል። የሚመልሰው ልክ ግን ከመስኮቱ የጽሑፍ ክልል የሚቆጠር ነው፤ የልጁ ቦታ የሚቆጠረው ከወላጅ ፍሬሙ ነው። ስለዚህ የመስኮቱ የውስጥ ጠርዝ ልክ ይደመርበታል። ይህ ድምር ከተረሳ ፍሬሙ ሳይከፈል ትክክል የሚመስለው ሳጥን፣ ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል በሌላኛው መስኮት ላይ ይወጣል። ከዚያ የመስመሩ ከፍታ ተጨምሮ ከታች ይቀመጣል፤ ከታች ቦታ ካነሰ ከመስመሩ በላይ ይደረጋል።

ሳጥኑ ሲያበቃ መሰረዝ አያስፈልግም፣ ይደበቃል። ፍሬም መፍጠር ከባድ ሥራ ነው፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ምት አዲስ ፍሬም የሚፈጥር ፓኬጅ ይጎተታል። ድብቁን መልሶ መጠቀም ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሰውየው ወደ ሌላ ፍሬም ሄዶ ከሆነ ልጁ የድሮው ወላጅ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ማንም አያየውም። ኢማክስን ከጀርባ እንደ ሰርቨር የሚያሠራ ሰው ፍሬሙን ሲዘጋ ደግሞ ልጁ አብሮ ይሞታል፣ ተለዋዋጩ ግን አሁንም የሞተውን ፍሬም እንደያዘ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ሕያው መሆኑን መጠየቅና «ፓረንት ፍሬም»ን ማደስ ግድ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ዲፎልት ፍሬም አሊስት» ነው። በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ፍሬም ሁሉ ስክሪኑን ሞልቶ እንዲከፈት ያዘዘ ሰው፣ ትእዛዙ ልጅ ፍሬሙንም ይነካዋል። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞልቶ ከመጣ ሌላ ነገር አይመርምሩ፤ ለልጁ «ፉልስክሪን» ባዶ ይሁን። «አፍተር ሜክ ፍሬም ፈንክሽንስ» ላይ የተንጠለጠለ የቴማ (የቀለም ገጽታ) ወይም የፎንት ኮድም በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ስለሚሮጥ፣ ፍሬሙ በሚፈጠርበት ቅጽበት ብቻ ባዶ ማድረግ ይቻላል።

ትኩረት ሌላው ነገር ነው። «ኖ ፎከስ ኦን ማፕ» ሳጥኑ ሲገለጥ የቁልፍ ሰሌዳውን እንዳይነጥቅ ይከለክላል፤ «ኖ አክሰፕት ፎከስ» ደግሞ አይጥ ሲነካው እንዳይቀበል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህም ሆኖ ሳጥኑ የአይጥ ጠቋሚው ባለበት ቦታ ላይ ከወጣ ችግር ሊፈጠር ይችላል፤ በተለይ መስኮት በአይጥ እንዲመረጥ ያደረጉ ሰዎች ላይ። ፖስፍሬም የተባለው ሳጥን የሚያሳይ ፓኬጅ የአይጡን ጠቋሚ ከሳጥኑ የሚያርቅበት የራሱ ምርጫ አለው፤ ማብራት ይገባል እንላለን።

ጂኖም ዴስክቶፕ ላይ በጂቲኬ የተገነባ ኢማክስ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። ልጅ ፍሬሙ አንዴ ከታየ በኋላ መጠኑን ለመቀየር እምቢ ይላል፤ 10 መስመር የነበረው ዝርዝር ወደ 3 ሲያንስ ሰባት ባዶ መስመር እንደያዘ ይቀራል። መድኃኒቱ «ኤክስ ጂቲኬ ሪሳይዝ ቻይልድ ፍሬምስ» የተባለው ተለዋዋጭ ነው። ሁለት ዋጋ ይቀበላል፦ «ሃይድ» መጠኑ ሲቀየር ለቅጽበት ይደብቀዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ብልጭ ይላል፤ «ሪሳይዝ ሞድ» ያለ ብልጭታ ይሠራል፣ ነገር ግን ጂቲኬ ራሱ ጊዜው አልፎበታል ባለው ጥሪ ላይ የቆመ ነው። «ሪሳይዝ ሞድ»ን አስቀድሞ መሞከር፣ እምቢ ካለ ወደ «ሃይድ» መሄድ ነው።

ወደ ፊደል ከፍታ እንምጣ፤ ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት መመሪያዎች ዝም ይላሉ። የግዕዝ ፎንት መስመር ከላቲኑ ይረዝማል። እንደ ኮርፉ ያሉ የቃል ማሟያ ፓኬጆች የሳጥኑን ከፍታ የሚያሰሉት የመስመሩን ብዛት በመደበኛው የመስመር ከፍታ አባዝተው ነው። መደበኛው ደግሞ የላቲኑ ነው። አንዱ መስመር 20 ፒክሰል ተብሎ ቢሰላና የግዕዙ መስመር 24 ቢሆን፣ በ10 መስመር 40 ፒክሰል ይጎድላል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ቃላት አይታዩም ማለት ነው። ሰውየው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ይመስለዋል፣ ቃሉ ግን ከታች ተቆርጦ ቀርቷል። የሚስተካከለው በሁለት እርምጃ ነው። አንደኛ፣ በ«ሴት ፎንትሴት ፎንት» ለግዕዝ ፊደል አንድ ፎንት ብቻ ይመደብ፤ ካልተመደበ ኢማክስ የመጣለትን ያነሣል። ሁለተኛ፣ «ፌስ ፎንት ሪስኬል አሊስት» ውስጥ የዚያ ፎንት ስም ከ0.9 ጋር ይግባ፣ አሁንም ከረዘመ 0.85 ይሞከር። ውጤቱን ለማየት ኮንትሮል ኤች ከዚያ ኤች ሲጫኑ የሚከፈተው የሰላምታ ፋይል ይበቃል፤ አማርኛው «ሠላም» ከሌሎቹ መስመሮች ጋር ተሰልፎ ከተቀመጠ ሳጥኑም ይሰለፋል። የራሱን ሳጥን የሚሠራ ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ «ፊት ፍሬም ቱ በፈር» ትክክለኛውን ከፍታ ራሱ ለክቶ ያስተካክላል። ለፊደል የሚመረጠው ይኸኛው ነው።

ክፈፉን በተመለከተ 28.1 ጥሩ ነገር አምጥቷል። ከዚያ በፊት የልጅ ፍሬም ጠርዝ ከዋናው ፍሬም የውስጥ ጠርዝ ጋር አንድ ቀለም ይጋራ ነበር። አሁን «ቻይልድ ፍሬም ቦርደር ዊድዝ» ለብቻው ውፍረት ይሰጣል፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ፌስ (የመልክ ቅንብር) ደግሞ ቀለሙን ይወስናል። 1 ፒክሰል ይበቃል፤ ጥቁር ዳራ ላይ ግን ያለ ጠርዝ የተተወ ሳጥን ከጽሑፉ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፣ ስለዚህ 0 አናደርገውም።

ጠርዝ አልባው ዋና ፍሬም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ያለን ግምት ቀዝቀዝ ያለ ነው። «አንዴኮሬትድ» ሲበራ የርዕስ አሞሌው ይሄዳል፣ በትንሽ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሁለት መስመር ጽሑፍ ይተርፋል። አብሮ የሚሄደው ግን ብዙ ነው፦ በአይጥ መጎተት፣ መለጠጥ፣ ማሳነስ፣ መዝጋት ሁሉ ይቀራል። ለመለጠጥ የውስጥ ጠርዙ ጥቂት ፒክሰል ተሰጥቶት «ድራግ ኢንተርናል ቦርደር» ይበራል፤ ለመጎተት «ድራግ ዊዝ ሞድ ላይን» ወይም «ድራግ ዊዝ ሄደር ላይን» ይበራል፤ ሄደር ላይን ከመስኮቱ አናት ያለው መስመር ነው። የሞድ ላይኑ መጎተት የሚሠራው ፍሬሙ የራሱ ሚኒበፈር ከሌለው ብቻ ነው። ተራው ዋና ፍሬም ደግሞ ሚኒበፈር አለው፤ ስለዚህ ለዋናው ፍሬም የሄደር ላይኑ ይመረጣል። ልጅ ፍሬምን በሄደር ላይኑ ለሚጎትት ደግሞ «ቶፕ ቪዚብል» ቁጥር ይሰጠው፤ ያለዚያ መያዣው ከወላጁ በላይ አምልጦ ይቀራል፣ መልሶ መያዝ አስቸጋሪ ነው።

ኤክስ ላይ (በሊኑክስ የቆየው የመስኮት ሥርዓት) ኢማክስ ጠርዙን የሚያስነሣው የሞቲፍ ፍንጭ ለመስኮት አስተዳዳሪው በመላክ ነው፤ አስተዳዳሪው ካልሰማ ምንም አይሆንም፣ ስሕተትም አይታይም። ማክ ላይ የመሣሪያ አሞሌውም እንደ ጠርዝ ተቆጥሮ አብሮ ይጠፋል። በ29.1 ለማክ የተጨመረው ክብ ማዕዘን ያለው ጠርዝ አልባ ፍሬም ከሁሉም መልከ መልካሙ ነው፤ ማክ ያለው ሰው ከተራው ይልቅ ይህን ይምረጥ። «ኦቨራይድ ሪዳይሬክት» የሚባለውን ግን አንመክርም። መስኮት አስተዳዳሪውን ጨርሶ ስለሚያልፍ ፍሬሙን በተለመደው መንገድ መምረጥም ከሌሎች በታች ማድረግም ያስቸግራል፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ምንም ውጤት የለውም።

በራሱ ኮድ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ፖስፍሬምንና ኮርፉን ከጂኤንዩ ኤልፓ (የኢማክስ የፓኬጅ ማከማቻ) በነፃ ይጭናል። ኮርፉ ለቃል ማሟያ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ትንሽ ነው፣ ኢማክስ አስቀድሞ ባለው የማሟያ ሥርዓት ላይ ይቆማል፣ ሳጥኑም ገና ከመጀመሪያው ልጅ ፍሬም ነው። ካምፓኒ የተባለውን ሌላ የማሟያ ፓኬጅ የለመደ ሰው ልብ ይበል፦ ካምፓኒ ሳይነካ ሲቀር ኦቨርሌይ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ በአማርኛ የሚንጋደደው እሱ ነው፤ ካምፓኒ ቦክስ ወይም ካምፓኒ ፖስፍሬም ሲጨመርለት ይቃናል። ፖስፍሬም ሳጥን ብቻ የሚያሳይ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ መልእክት፣ የሰነድ ፍንጭ ወይም የራስን ዝርዝር ማውጣት ለሚፈልግ ይሆናል። ጽሑፉን፣ ቦታውንና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ሰጥተውት ቀሪውን ራሱ ያከናውናል፤ ከላይ የዘረዘርነውን አብዛኛውን ወጥመድ ያውቃል። ምንም ፓኬጅ መጫን የማይፈልግ ደግሞ «ዲስፕሌይ በፈር ኢን ቻይልድ ፍሬም» የሚለውን ተግባር በማሳያ ደንቦቹ ውስጥ አስገብቶ የእገዛ ገጾችን በልጅ ፍሬም መክፈት ይችላል፤ ይህ ከኢማክስ ጋር አብሮ የመጣ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያውቀውም።

በዌይላንድ (ኤክስን የሚተካው አዲሱ የመስኮት ሥርዓት) ለሚሠራ በ29.1 የገባው ንጹሕ የጂቲኬ ግንባታ ልጅ ፍሬሞችን ይደግፋል። ዋና ፍሬምን በተወሰነ ነጥብ ላይ ማስቀመጥ ግን በዌይላንድ የኮምፖዚተሩ (መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ሥልጣን ነው፤ ጠርዝ አልባ ፍሬሙን የስክሪኑ ጥግ ላይ እንዲከፈት በማዋቀሪያው ያዘዘ ሰው ትእዛዙ ሰሚ አያገኝም። ቦታው ግድ ለሚለው ሰው በኤክስ የተገነባው ይሻላል።

ተርሚናል ውስጥ እስከ 30.1 ድረስ ልጅ ፍሬም የለም። በኤስኤስኤች ከሩቅ ሰርቨር ላይ የሚጽፍ ሰው ኮርፉን ቢጭን ሳጥኑ አይወጣለትም፤ ኮርፉ ተርሚናል የተባለው ተጨማሪ ወደ ኦቨርሌዩ ይመልሰዋል፣ የፊደሉ ስፋት ጣጣም እንደ ተርሚናሉ አብሮ ሊመለስ ይችላል። በተርሚናል አማርኛ መጻፍ ግድ ከሆነ ዝርዝሩን ከጠቋሚው አጠገብ ማውጣት ትቶ በሚኒበፈር እንዲታይ ማድረግ ነው የሚያዋጣው፤ እዚያ በጎኑ የሚሰለፍ ሌላ ጽሑፍ ስለሌለ ስፋቱ ቢለያይም ምንም አያበላሽም።